የውሃ መጋረጃ

ፀሐይ ከግድብ የምትወስደው ውሃ ለዓይን ስለማይታይ ኪሳራ ነው የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ለመቀነስ የታሰበው ጥበብ መነሻው ወጥ ቤት ነበር። ወይዘሪት አግነስ ፖክልስ የተባሉ ጀርመናዊት፥ ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ፥ በዕቃ እጣቢ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሚንሳፈፈውን ቅባት በቤታቸው መረመሩ። ሎርድ ሬይሊም ደብዳቤያቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተሙላቸው። በ1925 ኤሪክ ሪዲል እንዲህ ያለው ስልባቦት የውሃን ትነት እንደሚያዘገይ አስረዱ። በ1950ዎቹም ዊልያም ማንስፊልድ በአውስትራሊያ ሴቲል አልኮል የተባለውን ሰም መሳይ ነገር በውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ሞከሩ። የዚህ ነገር ሞለኪውሎች እንደ ሰልፈኛ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ እንፋሎቱ መውጫ ይጠበዋል። ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ ስልባቦቱ ወደ ዳር ተገፍቶ ውሃው ይገለጣል። ስለዚህ ሰሙን በየጊዜው የሚጨምር ትጉህ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ጥበብ ያለ ትጋት ውሃ አያድንምና።