ከጀርባው ስም የሌለው ፎቶ

እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አልበም ማቅረብ የብዙ ቤት ወግ ነበር። እንግዳው በፕላስቲክ የተሸፈኑትን ገጾች አንድ በአንድ ይገልጣል፤ የቤቱ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታስረዳለች። “ይቺ እኔ ነኝ፣ የክርስትናዬ ዕለት… ይኼ አጎቴ ነው፣ ወታደር ሳለ… ይቺ ደግሞ…” እዚህ ላይ ትቆማለች። ፎቶውን ከፕላስቲኩ ፈልቅቃ ጀርባውን ታየዋለች። ነጭ ነው። “እማዬ! ይቺ ማናት?” እናት ከጀበናው ሳትነሳ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ታይና፣ “እኔ እንጃ… አያትሽ ነበረች የምታውቃት” ትላለች። አያት ደግሞ ካረፈች ቆይታለች። በቃ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ያን ዕለት ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው።

የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ነጭ ጀርባ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት ሐሙሲት የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። በደራ ወረዳ ያለች፣ ስሟ እንደሚነግረን የሐሙስ ገበያ የወለዳት ከተማ ናት። ፎቶግራፍ ለሚማር ሰው መጀመሪያ ከሚሰጡት የቤት ሥራዎች አንዱ “የምታውቀውንና የምትወደውን ሰው አንሳ” የሚል ነው። ተማሪው የሐሙሲት ልጅ ነው እንበል። ካሜራውን አንጠልጥሎ በገበያ ቀን አገሩ ገባ። ማንን ያነሣል? ሩዝ በአህያ ጭና የምትመጣዋን ሴት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጊደር ዋጋ የሚከራከሩትን አዛውንት፣ የጠላ ቤቷን ደጃፍ የምትጠርገዋን አክስቱን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አያቱን። “እምዬ፣ ላንሳሽ” ሲላት፣ “ውይ! እንዲህ ሆኜ? ቆይ ነጠላዬን ልቀይር” ማለቷ አይቀርም። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራ ይመስለዋል። የሚሠራው ግን ታሪክ ነው፤ ያውም ሌሎች ሳይሠሩት ያለፉትን።

ፊትን ከነስሙ ማኖር ለዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፎገራ ሜዳ ማዶ፣ ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ የምትባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉን ያሠራ ሰው እንዲህ ከግርጌ መታየቱ፣ አጠገቡም ስሙ መጻፉ በየገዳማቱ የቆየ ልማድ ነው። ሠዓሊው መልክ ማመሳሰሉ ባይሆንለት እንኳ ስም መጻፉን አይረሳም ነበር። ችግሩ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ያለው ሰው መሆኑ ነው። ለሠዓሊው ውሃ የቀዳችው፣ ቀለሙን የበጠበጠው እዚያ የሉም።

ካሜራም ሲመጣ ይህን ልማድ አልሻረውም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የጦር መሐንዲሶቻቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዘው ነበር። ተራራውን፣ ሰፈሩን፣ መኳንንቱን፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሡ። የዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶ ግን የለም። ከወረታ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦር ያወጣል፤ መድፍ ያሠሩባት ጋፋትም እዚያው ጎን ናት። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ የተመላለሱት ንጉሥ ፊታቸውን ያስቀረላቸው ሥዕል ብቻ ነው፤ ከሥዕሎቹም አንዱ የተነደፈው ከሞቱ በኋላ፣ አስከሬናቸው ላይ ነው። ልጃቸው አለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ አባቱንም እናቱንም ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቀመጠ። ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ያን ፎቶ ያየ ሰው የልጁን ዓይኖች ቶሎ አይረሳቸውም። ፎቶው ከነስሙ የቆየው የንጉሥ ልጅ ስለሆነ ነው። በዚያው ዘመቻ ላይ በቅሎ የጫኑ፣ ስንቅ የተሸከሙ፣ መንገድ የመሩ የአገራችን ሰዎችም በፎቶዎቹ ውስጥ ይኖራሉ፤ እነሱን ማን በስም ጠራቸው?

ከዚያ በኋላ ካሜራው ዙፋን አካባቢ ከረመ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ዛሬ የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን መልክ የምናውቀው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ሰዎች ሥራ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ተራው ሰው ካሜራ ፊት የቀረበው ዘግይቶ፣ በሁለት በር ነው። አንደኛው ፎቶ ቤት ነው። ፏፏቴና አበባ የተሣለበት ሸራ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ለሌለው የሚዋስ ኮትና ክራባት፣ “ቀና በል፤ እንዳትስቅ!” የሚል ባለሙያ። ሁለተኛው በር ጉርድ ፎቶ ነው። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ከተቋቋመ ወዲህ መታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ ፊቱን ማስነሣት ነበረበት። ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዕድሜያቸው የነበራቸው ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ የደነገጠ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ግማሹ ማኅተም ያረፈበት። ሲሞቱ እሱው ይፈለግና ፎቶ ቤት ተወስዶ ያድጋል፤ ለለቅሶ ይቀርባል። ጥንት የሟች ጋሻና ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣ ነበር፤ ቦታውን ጉርድ ፎቶ ወረሰው። ለመንግሥት ተብሎ የተነሣ ፊት ለቤተሰብ መጽናኛ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ በርም ነበረ፤ ባይከፈት የሚሻል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታም ጎረፈ። ያ ፊልም ስንት ነፍስ እንዳተረፈ አንክድም። ግን ከዚያ ወዲህ የእኛ ገበሬ ፊት በዓለም አደባባይ ያለ ስም የሚዞር ፊት ሆነ። በዚያው ረሃብ ለሞት ተቃርባ በካናዳ ጋዜጠኞች የተቀረጸችው ብርሃን ወልዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይ መድረክ ላይ ስትቆም፣ ሰው የተገረመው በመትረፏ ብቻ አልነበረም። ያ ፊት ስም እንዳለውም ያን ዕለት ገና የሰማ ብዙ ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ የከተማውን ሰው ለዓመታት አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ሲታዩ አንሺው ያልታወቀ ተብሎ ነበር የቀረቡት። በኋላ ፈላጊ ባማኮ ድረስ ሄዶ ሰውዬውን በሕይወት አገኘው፤ ስሙም ተመለሰለት። ያስነሡት ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው እንደጠፋ ቀረ።

በእኛም አገር ነገሩ የገባቸው ወጣቶች መጥተዋል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ግርማ በርታ በራሱ ተምሮ፣ በስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኛ፣ ሊስትሮና ቸርቻሪ እያነሣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” በሚል ስም ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ወጡ። ሁሉም ግን አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያተኩሩት። የሐሙሲትን አልበም ማን ይሰብስበው?

ለምሳሌ ሩዝን እንውሰድ። ፎገራ ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ የማሳው ፎቶ በየሪፖርቱ አለ። ያን ጊዜ፣ “ይኼ ነገር እውነት ይበላል?” እየተባለ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ የሞከሩት ገበሬዎች በሕይወት ካሉ አርጅተዋል። የፎቶግራፍ ተማሪው ጎረቤቶች ናቸው። ቁጥሩን ሪፖርት ይጽፈዋል፤ ፊቱን ግን ከጎረቤት ልጅ በቀር ማን ያስቀረዋል?

አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለውና ፎቶ ሞልቷል ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል፤ ስልኩ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዕለት ደግሞ አንድም አይቀርም። ፎቶ ቤቶቹም አንድ በአንድ ሥራቸው ሲቀዘቅዝ የኖረው ነጌቲቭ በካርቶን ታጭቆ ይከርምና ቤቱ የተለቀቀ ዕለት ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። የአንድ ከተማ ሕዝብ ፊት ነው እኮ አብሮ የሚወጣው!

ስለዚህ የሐሙሲቱ ተማሪ የቤት ሥራ ጥቂት ይጨመርበት። ሳያነሣ ይጠይቅ፤ “እንዲህ ሆኜ?” ያለችው አያት ነጠላዋን እስክትቀይር ይጠብቅ፤ ክብሯ ነውና። ካነሣ በኋላ ያሳጥብ፤ አንዱን ለባለቤቱ ይመልስ። መመረቂያውን ሲያዘጋጅ የከተማውን አሮጌ ፎቶ ቤት ያንኳኳና፣ “ጋሼ፣ ነጌቲቮቹ አሉ?” ይበል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስክሪብቶ ይያዝ።

አበው “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” ያሉት ለጀግና ብቻ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ አልበማችሁን አውጡና እናታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ። “ይቺ ማናት? ይኼስ የት ነው?” በሏት። የነገረቻችሁን ከጀርባው ጻፉት፤ ስም፣ አገር፣ ዓመተ ምሕረት። እሷ ሳታርፍ።