በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ የዕድገት ሆርሞን ከሕፃናት ክፍል ወደ ጂም



ጡንቻ ለመገንባት የዕድገት ሆርሞን የሚወጉ ሰዎች ደማቸውን ሲመረመሩ፣ ቲ-4 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዶቹ ይህን ሲያዩ ይደነግጡና በራሳቸው ፈቃድ የታይሮይድ ክኒን ይጨምራሉ። ለመሆኑ የቁመት መድኃኒት ከአንገት ዕጢ ጋር ምን አገናኘው? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ እንይ።

የዕድገት ሆርሞን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለች፣ የአተር ፍሬ ከምታህል ፒቱታሪ ከተባለች ዕጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ቾ ሃው ሊ እና ባልደረባቸው በካሊፎርኒያ የሰውን የዕድገት ሆርሞን ለይተው አወጡ። በ1958 ደግሞ ሞሪስ ራበን የተባሉ የቦስተን ሐኪም፣ ሆርሞኑ የጎደለው የ17 ዓመት ልጅ በመርፌው ቁመት መጨመሩን ይፋ አደረጉ።

በዚያ ዘመን መድኃኒቱ የሚገኘው ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ብቻ ነበር። እጅግ ውድና ጥቂት ስለነበር በዋናነት ይሰጥ የነበረው ሆርሞኑ በእርግጥ ለጎደላቸው ልጆች ነው። በ1985 ግን መራራ ዜና ተሰማ። ከዓመታት በፊት መርፌውን የወሰዱ ወጣቶች ክሮይትስፌልድ-ጃኮብ በተባለ ፈውስ የሌለው የአንጎል በሽታ መሞት ጀመሩ። በፈረንሳይ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል። አሜሪካ ስርጭቱን አቆመች፤ በዚያው ዓመት ጀነንቴክ የተባለ ኩባንያ በባክቴሪያ አማካይነት ያመረተው ሆርሞን ፈቃድ አገኘ።

አዲሱ መድኃኒት ያንን በሽታ አያስተላልፍም፤ እንደ ልብም ይመረታል። ነገር ግን ቀድሞውኑ ወደ ስፖርቱ ዓለም መግባት ለጀመረው አላግባብ አጠቃቀም በሩን ይበልጥ ከፈተው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1989 ሆርሞኑን ከለከለ፤ አስተማማኝ የደም ምርመራ በኦሊምፒክ የተጀመረው ግን በ2004 አቴንስ ላይ ነው። በመካከሉ፣ በ1990፣ ዳንኤል ሩድማን የተባሉ ሐኪም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነ 12 ወንዶች ሆርሞኑን ለ6 ወር ሰጥተው ስባቸው በ14 በመቶ ገደማ መቀነሱን ጻፉ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ነጋዴዎች ግን ለማስታወቂያ ተሻሙበት።

አሁን ወደ ታይሮይድ እንምጣ። ታይሮይድ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው የአንገት ዕጢ ነው። በብዛት የሚያመርተው ቲ-4 ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ነው። ሰውነት የሚሠራበት ቲ-3 ደግሞ ዱቄቱ ነው። የዕድገት ሆርሞን ወፍጮውን ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ በምርመራ እህሉ ቀንሶ፣ ዱቄቱ ግን ጨምሮ ወይም ባለበት ሆኖ ይታያል። ይህን ያስተዋሉት በዕድገት ሆርሞን የሚታከሙ ልጆችን የሚከታተሉ ሐኪሞች ናቸው። ፒቱታሪው ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ይህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ፒቱታሪው በተጎዳ ሰው ላይ ግን ተደብቆ የቆየ የታይሮይድ እጥረት ሊገለጥ ይችላል። ለዚህ ነው በሕክምና ላይ ያለ ልጅ ታይሮይዱ በየጊዜው የሚመረመረው።

ጂም ውስጥ የተወረሰው መርፌው እንጂ ክትትሉ አይደለም። የቀነሰውን እህል ብቻ ያየ ሰው ከገበያ ዱቄት ገዝቶ ይጨምራል፤ ማለትም የቲ-3 ክኒን ይውጣል። ፒቱታሪ ዱቄት መትረፍረፉን ስታይ ለታይሮይድ የምትልከውን ትዕዛዝ ታቆማለች፤ ዕጢውም ሥራ ይፈታል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይዛባል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ አጥንት ይሳሳል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ትርፍ ቲ-3 ጡንቻን ራሱን መብላቱ ነው። ለጡንቻ ብሎ የጀመረ ሰው ጡንቻውን ያጣል ማለት ነው። ክኒኑን በድንገት ሲያቆምም ዕጢው እስኪነቃ ድረስ ለሳምንታት ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ሊከተል ይችላል። አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ፦

1. ልጅዎ ከእኩዮቹ ቁመቱ ካነሰ ወይም ማደጉን ካቆመ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የታይሮይድ እጥረት ራሱ ዕድገትን ያቀጭጫል፤ ይህ ሳይታከም የዕድገት ሆርሞን ቢሰጥ በአግባቡ አይሠራም።

2. ሐኪም ያዘዘለትን የዕድገት ሆርሞን ይህን ጽሑፍ አንብበው እንዳያቋርጡበት። የታይሮይድ ምርመራው መቼ እንደሚደገም ብቻ ይጠይቁ።

3. ጂም የሚሄድ ልጅዎ መርፌ እንደሚወጋ ካወቁ አይጩኹበት፤ ከተደበቀዎት መርዳት አይችሉም። ስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ጉዳትም ሊከተል ስለሚችል አብረውት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

4. ሲመረመሩ የሚወስዱትን ሁሉ ሳይደብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቲ-4፣ ቲ-3 እና ቲኤስኤች አብረው ካልታዩ፣ የሚወሰደውም ካልታወቀ፣ ውጤቱ ያሳስታል።

በ1958 ያ ልጅ ሲታከም አጠገቡ የሚከታተለው ሐኪም ነበረው። ዛሬም መርፌው መድኃኒት የሚሆነው እንዲህ ሲሰጥ ነው።