የአየር መልእክትና ቍልፉ

በፎገራ ሜዳ ላይ እረኛ ጓደኛውን ሲጣራ ድምፁን የሚሰማው የተጠራው ልጅ ብቻ አይደለም፤ በሩዝ ማሳው ውስጥ ያለው ገበሬም፣ በመንገድ የሚያልፈው ነጋዴም ይሰማዋል። በአየር የሚሄድ መልእክት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በአየር የሚነጋገር ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ቃሉን ከሌላው መሠወር፣ ሁለተኛው የሚያነጋግረው ማን እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ የአገራችን ታሪክ ያስረዳናል።

በ1928 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከኢትዮጵያ የጦር ሰፈር መልእክት በሽቦ አልባ ቴሌግራም ይላክ ነበር። ጣሊያኖችም ከአየር እየጠለፉ ምሥጢሩን ይፈቱት ነበር። ስለዚህ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጥቃት ለእነርሱ ድንገተኛ አልሆነም። ለሽንፈቱ የአውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ብልጫ ከፍ ያለ ምክንያት ቢሆንም፣ የምሥጢሩ መሰማት ሌላ ጉዳት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በጎጃም ዘመቻ ላይ ከጠላት ከተያዘ አንድ ምሽግ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው የስልክ መስመር አልተቈረጠም ነበር። ጣሊያንኛ የሚያውቀው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ጣሊያናዊ መስሎ ደወለና ብዙ ጦር እየመጣ ነው ብሎ አስታወቀ። አንተ ማነህ ብሎ ማረጋገጫ የጠየቀው አልነበረም። ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት የጣሊያን ጦር ከተማዋን ለቆ ወደ ዓባይ ማዶ ሄደ።

ዛሬ በየቤቱ ያለው ራውተር ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ይሠራል። ስልካችን የይለፍ ቃሉን በአየር ላይ አይጮኽም። ራውተሩ እንደ ዕጣ የወጣ ቍጥር ይልካል፤ ስልኩም የራሱን ይመልሳል፤ ሁለቱም ቍጥሮቹን ከይለፍ ቃሉ ጋር አስልተው ውጤታቸው ከተስማማ ይተዋወቃሉ። ከዚያው ስሌት የሚገኘው አዲስ ቍልፍ የሚላከውን ሁሉ ይሠውራል።

ዌፕ የተባለው የመጀመሪያው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ በ2001 ግን ሊቃውንት ድካሙን ገለጡ። ከዚያ በ2004 ደብልዩ ፒ ኤ 2፣ በ2018 ደብልዩ ፒ ኤ 3 መጡ። በ2ኛው ሥርዓት የመተዋወቂያውን መልእክት የጠለፈ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ቃሉን ደጋግሞ ሊገምት ይችላል፤ 3ኛው ይህን ከልክሏል። ስለዚህ ቃላችን ስማችን ወይም የስልክ ቍጥራችን አይሁን፤ ረጅም ይሁን።

ነገር ግን ባለቤቱ በፈቃዱ አሳልፎ የሰጠውን ቃል የሚጠብቅ ሥርዓት የለም። ይህን የምጽፈው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ባለፈው ዓመት ወረታ ውስጥ የአክስቴን የዋይፋይ ቃል ለአንድ ጓደኛዬ ነገርሁት፤ እርሱም ለሌላው ነገረ። ለወር የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል በስድስተኛው ቀን አለቀ፤ እኅቴም ለፈተና የምታነበውን አጣች። አክስቴ መሣሪያው የተበላሸ መስሏቸው ሲጨነቁ እኔ ሁለት ቀን ዝም አልሁ። በመጨረሻ እውነቱን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ የበሩን ቍልፍ ብትሰጥ ኖሮ ለማን እንደ ሰጠህ ታውቅ ነበር» አሉኝ። በዚያው ማታ ቃሉን ለወጥነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቍልፉን የሠሩት ሊቃውንት ናቸው፤ መጠበቁ ግን የእኛ ፈንታ ነው።