ከጅቡቲ እስከ አሶሳ፦ የአንዲት መኪና መንገድና ዋጋ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ ወገኖቼ። ዛሬ የምተርክላችሁ የመኪና ነገር ነው። ባሕር ተሻግራ፣ በረሃ አቋርጣ፣ ጉምሩክ ደጃፍ ቆማ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ አሶሳ ስለምትገባ ወይም ሳትገባ ስለምትቀር መኪና።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሣ። ለዳግማዊ ምኒልክ ሊያደርስ ነው። የመኪና መንገድ የሚባል አልነበረም። በረሃውን እየታገለች፣ ዳገቱን በሰው ትከሻ እየተገፋች አዲስ አበባ ገባች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወጡባት። ያን ጊዜ የመኪና ፈተናው መንገድ ነበር። ዛሬ መንገዱ አለ፤ ፈተናው ሕግና ሒሳብ ሆኗል።

በዚያው ዘመን ከምዕራብ በኩል ሌላ ነገር ይጓዝ ነበር፦ የቤኒሻንጉል ወርቅ። የራስ መኮንን ጦር በ1890 ዓ.ም. ወደ አካባቢው ከዘመተ በኋላ ገዥው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር። አዲስ አበባ ሾጎሌ የሚባለው ሰፈር የተጠራው በእሳቸው ስም ነው። ይህን ያለ ነገር አላነሣሁትም። መኪና ወደ አገራችን የሚገባው በዶላር ነው። ዶላሩም የሚገኘው ከቡናው፣ ከሰሊጡና ከወርቁ ነው። በዚያ ወርቅ ውስጥ ዛሬም በአሶሳና በካማሺ ወንዝ ዳር አሸዋ የሚያጥቡ ሰዎች ላብ አለበት። ስለዚህ የመኪና ሕግ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ለትረካችን ሁለት ሰዎችን በሐሳብ እናቁም። አንደኛው በአሶሳ ማንጎና ሰሊጥ የሚነግዱ አጎት ናቸው። ሁለተኛው ዱባይ የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ ነው። አንድ ማታ ስልክ ይደወላል።

«አጎቴ፣ እዚህ አንዲት ጠንካራ መኪና አገኘሁ። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፣ ሞተሯ ግን ደህና ነው። ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ዐሥር ሺህ ዶላር ብቻ። ልላክልዎት?»

«አላህ ይስጥህ ልጄ። ቢሆንም አትቸኩል። የሚያውቅ ሰው ልጠይቅና እደውልልሃለሁ።»

አጎትየው በዚህ ቃላቸው ቤታቸውን አዳኑ። በማግስቱ ሞጆ ለሚሠራ አንድ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ሰው፣ ደወሉ። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ መኪናዋ ውበት አልነበረም። «ስንት ዓመቷ ነው? ሞተሯ ስንት ሲሲ ነው? በምንድን ነው የምትሠራው?» አላቸው። የመኪና ዕጣ የሚቆረጠው በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነውና።

«ዘጠኝ ዓመት፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ፣ ቤንዚን» ብለው መለሱ።

«እንግዲያው ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ» አለ ትራንዚተሩ።

እናንተም ያዙ፣ ወገኖቼ። ዶላሩን ለስሌት እንዲቀል በ100 ብር እንቁጠረው። የመኪናዋ ዋጋ፣ የመርከቡ ማጓጓዣና ኢንሹራንሱ አንድ ላይ 1,000,000 ብር ሆነ። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ በ35 በመቶ ሲታሰብ 350,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 1,350,000። ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለችና ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነች መኪና ላይ 500 በመቶ ጥሏል። የአንድ ሚሊዮን ብሯ መኪና 6,750,000 ብር ኤክሳይዝ ተጫነባት፤ 8,100,000 ደረሰች። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ደግሞ በዚህ ላይ ይታሰባል፦ 1,215,000። ከዚያ በጠቅላላው ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ፦ 931,500። በመጨረሻ በመነሻ ዋጋዋ ላይ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግና 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ፦ 60,000። ድምሩ ከ10 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ያልፋል።

አጎትየው ስልኩን እንደያዙ ዝም አሉ። ግብር ተጨማሪ ዋጋ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ግብሩ ግን አንዱ በሌላው ራስ ላይ ይቆማል፤ ከታች ያለው ቁጥር ሲያድግ ከላይ ያለው ሁሉ አብሮ ያድጋል። መኪናዋ አዲስ ሆና ከ1,300 ሲሲ ባትበልጥ ኖሮ ኤክሳይዟ 5 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው መነሻ ዋጋ ጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ጥቂት ቢያልፍ ነው። አሥር ሚሊዮንን ከሁለት ሚሊዮን የለየው ዕድሜና ሲሲ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከ2012 በፊት ኤክሳይዙ የሚያየው የሞተሩን መጠን እንጂ ዕድሜውን አልነበረም። 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ፣ አዲስ ሆነ አሮጌ እኩል። አሮጌው መነሻ ዋጋው ስለሚያንስ ግብሩም አነሰ። ስለዚህ ሌላ አገር አገልግሎ የደከመ መኪና ወደኛ ጎረፈ፤ ጭሱም፣ የመለዋወጫ ዶላሩም፣ አደጋውም አብሮ መጣ። አዋጁ ያን በር ለመዝጋት የወጣ ነው። ዓላማው ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን አዲስ መግዛት የማይችለው መካከለኛ ነጋዴ፣ መምህርና የጤና ባለሙያ ከዚሁ በር ውጭ ቀርቷል። ይህም እውነት ነው፣ ሊነገር ይገባል።

«ሒሳቡን የነገርኩዎት እንዲያውቁት ነው እንጂ» አለ ትራንዚተሩ፣ «መኪናዋ ከነአካቴው አትገባም።»

«እንዴት አትገባም?»

ስሙት እንግዲህ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን ምክንያት አድርጎ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ ከለከለ፤ አውቶሞቢል ከነዚህ አንዱ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ለፓርላማ ቀርበው ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ ብቻ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ታወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ክልከላ ግን ጸና። ምንዛሪውም ሌላ ነገር አመጣ። ቀድሞ በ57 ብር ግድም ይታሰብ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ10,000 ዶላር መኪና መነሻ ዋጋዋ ከ570,000 ብር ወደ ሚሊዮን ወጣ፤ በላዩ የሚቆመው ቀረጥና ታክስም እንዲሁ።

የወንድም ልጅ ይህን ሲሰማ አንድ ተስፋ ቀረችው። «አጎቴ፣ ዶላሩ እኮ የራሴ ነው። ከባንክ አልጠይቅም። በፍራንኮ ቫሉታ ባስገባውስ?»

ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍራንኮ ቫሉታ ዶላሩ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የ2016ቱ ክልከላ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፦ መኪናዋ በምን ትሠራለች? ዶላሩ የራስ መሆኑ የቤንዚን አውቶሞቢልን ኤሌክትሪክ አያደርጋትም። ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ልከው፣ መኪናቸው ወደብ ላይ ቆሞባቸው፣ የየቀኑ የመጋዘን ኪራይ የሚቆጥርባቸውን ማሰብ ያማል።

አሁን ደግሞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ልውሰዳችሁ። አሶሳ ለሱዳን ቅርብ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ተሻግረዋል፤ አሶሳ ዞንም ተቀብሏቸዋል። ድንበር ባለበት ደግሞ «በዚህ በኩል በቀላሉ ይገባልዎታል» የሚል ደላላ አይጠፋም። አጎትየውም እንዲህ ያለ ሰው መጣባቸው እንበል። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ዲክላራሲዮን የሌላት መኪና ሊብሬ የላትም። ሊብሬ የሌላት መኪና ታርጋ የላትም። ታርጋ የሌላት መኪና እኔ ቤት ምን ታደርጋለች?» ልክ ናቸው። ኮንትሮባንድ መኪናው ይወረሳል፣ ሰውየውም ይታሰራል። ርካሽ መስሎ የመጣው ዋጋ ንብረትንም ነጻነትንም ይወስዳል።

በሕጉ መንገድ የምትመጣው መኪናስ? ጅቡቲ ከመርከብ ትወርዳለች። በጋላፊ ገብታ ሚሌን፣ አዋሽን አልፋ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትደርሳለች። እዚያ የግዢ ደረሰኟ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጓና የሥሪት ዘመኗ ይታያሉ፤ የሻንሲ ቁጥሯ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። አንድ ፊደል ቢለያይ ሥራው ይቆማል። ቀረጡ ሲከፈል ዲክላራሲዮኑ ይሰጣል፤ ከዚያ ምርመራ፣ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ይከተላሉ። ከአዲስ አበባ በኋላም አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ መንዲንና ባምባሲን አልፋ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ደጋግሞ በተዘጋ መንገድ። ለአሶሳ ሰው የመኪና ዋጋ ሞጆ ላይ አያልቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አጎትየው ትራንዚተሩን የጠየቁት የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱም ኤሌክትሪክ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳይከፈል ወሰነ። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥማ ለምትመጣ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለምትገጣጠም 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትና እዚህ ለምትገጣጠም ዜሮ ሆነ። የሚሊዮን ብሯ መኪና ቀረጧ 150,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከቅድሙ ዐሥር ሚሊዮን ጋር አስተያዩት።

አጎትየው ግን የአሶሳ ሰው ናቸው፤ ርቀቱን ያውቁታል። «ማንጎዬን አዲስ አበባ የሚያደርሰው አይሱዙ ነው፤ በዚህ አልነካውም» አሉ። «ለከተማው፣ ለባምባሲና ለገበያው ግን ማታ ቤቴ ቻርጅ የማደርጋት ትበቃኛለች።» አሳባቸው የበሰለ ነው። መኪና የሚመረጠው ባለቤቱ በሚውልበት መንገድ ልክ ነው።

እዚህ ላይ እኔም የራሴን ቃል ልናገር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የቆመው ጉባ ላይ ነው፤ አሶሳ ባለችበት በዚሁ ክልል። አገሪቱ ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ እንሂድ ስትል የኃይሉ ትልቅ ድርሻ የሚመነጨው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውኃና ምድር ነው። ስለዚህ የኃይል መሙያ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ብቻ ቢበዛ ፍትሕ አይሆንም። ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ከመንዲ እስከ አሶሳ በየርቀቱ ሊተከል ይገባል። ወርቁን የሰጠ፣ ውኃውን የሰጠ ሕዝብ የቤንዚን መኪና ሲከለከል በምትኩ የተሰጠውን አማራጭ የሚጠቀምበት መንገድ ሊኖረው የግድ ነው። የክልሉ መንግሥት፣ የመብራት ኃይል ሰዎችና ባለሀብቶች ይህን እንዲሰሙ እጠይቃለሁ።

እናንተም በዱባይ፣ በጅዳ፣ በአሜሪካ ያላችሁ የአሶሳ ልጆች ሆይ፣ ለቤተሰብ መኪና መላክ መልካም ነው። ነገር ግን ደንቡ ይለዋወጣል፤ አምና የሠራው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ከማነጋገራችሁ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ወይም ፈቃድ ያለው ትራንዚተር ጠይቁ። የሥሪት ዘመኑን፣ ሲሲውን፣ የሚሠራበትን ኃይል ንገሯቸውና የዚያን ወር ሙሉ ሒሳብ በጽሑፍ ተቀበሉ። የወደቡን፣ የመንገዱንና የምዝገባውን ወጪ ደምሩበት። ድምሩን አይታችሁ ከቻላችሁ ግዙ፤ ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። መጀመሪያ ሕጉ ይጠየቅ፣ ቀጥሎ መኪናዋ ትገዛ።