ብር፣ ጠገራና ሽልንግ፦ ስያሜ ከማዕድኑ ሲለይ

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ የገንዘብን ስያሜ ያህል የሚያሳስት የቃል ዘርፍ ጥቂት ነው። ስያሜው ባለበት ሲጸና ተሰያሚው ይለወጣልና። «ብር» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ከግእዙ «ብሩር» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል ማዕድኑን፣ ከማዕድኑ የተሠራውን መገበያያ፣ በመጨረሻም ቅንጣት ብር የሌለበትን ወረቀት ለመሰየም በቅቷል። እነዚህ ፍቾች በየዘመናቸው ካልተለዩ የቀድሞ ሰነድ በትክክል ሊተረጐም፣ የቀድሞ ሳንቲምም በትክክል ሊገመት አይችልም።

ጉዳዩን ከጋምቤላ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። ውሉ የሚጠቅሰው ኢታንግን ቢሆንም ጣቢያው የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨርቅና ጨው አራግፈው የጎሬንና የሳዮን ቡና ይጭኑ ነበር። በዚያ ወደብ ሁለት ገንዘቦች ተገናኙ፤ ሱዳን የምትጠቀምበት የግብጽ ገንዘብና በኢትዮጵያ ገበያ የታመነው ጠገራ ብር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በተጻፈ ሰነድ ውስጥ «በ100 ብር ቡና ተገዛ» የሚል ቢገኝ፣ ተርጓሚው ቃሉን በዛሬው ብር ፍች ቢያስተላልፍ 2 ኪሎ ግራም ከ300 ግራም የሚያልፍ ንጹሕ ብር ከሰነዱ ጠፋ ማለት ነው።

ጠገራ የተባለው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፣ ጥራቱ 83.3 ከመቶ ነው። «ታለር» የሚለው ቃል በቦሄሚያ ከሚገኘው ከዮአኪምስታል የብር ማዕድን ስፍራ የመጣ ሲሆን፣ «ዶላር» የሚለው ስያሜም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ገንዘቡ በዚያው ዓመተ ምሕረት በልዩ ልዩ አገሮች ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ በላዩ የተጻፈው ዓመት የተቀረጸበትን ጊዜ አያመለክትም። ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹትና ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ብርም በክብደት ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነበር፤ ክፍልፋዮቹም አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚል ስያሜ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት አልቻለም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ሌላ ስያሜ ገባ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ፤ ሃምሳ ሳንቲሙም ከአንድ ሽልንግ ጋር እኩል ሆነ። ሕዝቡ ሃምሳ ሳንቲሙን «ሽልንግ» ብሎ የጠራበት ምክንያት ከዚህ ስሌት ይታያል። ይሁንና ይህ ባለእንግሊዝኛ ስያሜ ሳንቲም የአሜሪካ ብር ነበር። አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን የብድርና የኪራይ ሕግ መሠረት ከ5 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ አውንስ ብር ለኢትዮጵያ ሰጠች፤ ከዚህም እያንዳንዱ 7.03 ግራም የሚመዝን፣ 80 ከመቶ ጥራት ያለው 30 ሚሊዮን ሳንቲም በፊላደልፊያ ተቀረጸ። ወረቀቱን ለማመን የሚያመነታ ገበያ እውነተኛ ብር በእጁ እንዲይዝ ተደረገ።

ብሩ ውድ ስለ ነበር አታላዮች የመዳቡን ሃያ አምስት ሳንቲም ብር እየቀቡ በሽልንግ ስም አሳለፉት። መንግሥትም የስሙኒውን ጠርዝ ጥርሳም አድርጎ አበጀው። ዓይን ሊያታልል የቻለውን ጣት ይለየው ጀመር።

የአሜሪካን አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አስቀድሞ ዓመቱን ያነባል፤ እስከ 1964 የሚል ዓመት ያለባቸው ተራ የአሥርና የሃያ አምስት ሳንቲሞች 90 ከመቶ ብር ናቸውና። በእኛው ሽልንግ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥራቱ ወደ 70 ከመቶ ዝቅ ብሎ ሲቀረጽ በላዩ የተጻፈው ዓመት ያው 1936 ነበር። ስለዚህ ገማቹ በጽሕፈቱ ሳይወሰን ሚዛንንና የጥራት ምርመራን መያዝ አለበት። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ብር የለበትም፤ ሽልንግ የሚለው ስያሜ ግን አልተለየውም።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ሽልንግ፦ ሃምሳ ሳንቲም» ብሎ ማለፍ ስሕተት ባይሆንም ጐደሎ ነው። ከእያንዳንዱ የገንዘብ ስያሜ ጋር ፍቹ የጸናበት ዘመን፣ ክብደቱና የማዕድኑ ጥራት ሊመዘገብ ይገባል። ተርጓሚም «ብር» የሚል ባገኘ ቊጥር የሰነዱን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። በባሮ ዳር ቡናውን የሸጠው ሰው የተቀበለው ስያሜውን ሳይሆን ማዕድኑን ነበርና።