የእንጨት ቅርጽ ሥዕልና የመንዝ ቤት

በመንዝ ደጋ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ያየ መንገደኛ ደብር መኖሩን ለማወቅ ሰው አይጠይቅም። ዛፉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠብቆ እንደ ኖረ ሁሉ፣ ሥዕልም አብዛኛውን ጊዜ የኖረው በዚያው ቅጥር፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር በሆነው በገበሬው ቤት ግን የሚሰቀለው ጋሻና አገልግል ነበር።

ሥዕልን ወደ ቤት ለማስገባት ከሚያመቹት ጥበቦች አንዱ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው። ሠዓሊው ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ ከሳንቃው ላይ ይፈለፍላል፤ ከፍ ብሎ የቀረውን ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል፤ ከአንዱ ሳንቃም ብዙ ሥዕል ይወጣል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን ሙያ ያስተማሩት፣ ቀድሞ በብራዚል ይኖሩ የነበሩት ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ናቸው።

ብዙ ስለሚወጣ ዋጋው ያንሳል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። በሳንቃ የተቀረጸ ዛፍ የእንጨቱን የራሱን ጅማት ይዞ በወረቀቱ ላይ ይታያልና፣ ይህን በብሩሽ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የመንዝ መምህር አንዱን ገዝቶ ቢሰቅል ግን የምድጃው ጢስና የድንጋዩ ርጥበት ወረቀቱን እንዳያበላሹት መስታወት ያልብሰው፤ ከግድግዳውም ጥቂት ያርቀው። ያን ጊዜ የደብሩ ጥድ ከመደቡ በላይ ይቆማል።