የደቦ ካርታ

«ካርታ» የምትለው ቃላችን ብዙ ሸክም ተሸካሚ ናት። በደሳ ከተማ በምሠራበት ባንክ ካርታ ማለት የቤት ይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ ተበዳሪው እሱን አስይዞ ገንዘብ ይወስዳል። ለተማሪ የአገር ሥዕል ነው። ሲመሽ ደግሞ በየበረንዳው የሚበወዝ መጫወቻ ይሆናል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሦስተኛው ነው፤ በተለይም ተጫዋቾች እርስ በርስ የማይሸናነፉበትን አንድ የካርታ ጨዋታ ለጀማሪ እንዴት ማሰናዳት እንደሚገባ።

የመጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 ፍሎረንስ ጨዋታውን የሚገታ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሳ ነበር። መንገዱም በማምሉኮች ግብፅ በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ የተሣሉባቸው የማምሉክ ካርታዎች ዛሬም በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ስድስት መቶ ዓመታት ካርታ በአብዛኛው የፉክክር ዕቃ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ «ማጂክ» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታውን ራሱ መርጦ የሚያደራጅበት ልማድ ተስፋፋ። ግጥሚያው ግን ያው የሁለት ባላንጣዎች ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሥነ ጽሑፍ ወገን ነው። በ1892 በደቡብ አፍሪካዋ ብሉምፎንቴን የተወለደው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ዓለምን ከጥፋት እንዲያድኑ የላካቸው ኃያላን ብቻ አልነበሩም፤ ትልቁን ሸክም ያሸከመው ለትንንሾቹ ነው። ይህን መጽሐፍ መሠረት አድርጎ ራይነር ክኒዚያ በ2000 ተጫዋቾች ሁሉ በአንድነት ጨለማውን የሚገጥሙበትን የሰሌዳ ጨዋታ ሠራ። በ2011 ደግሞ የኔት ፍሬንች የካርታ ጨዋታ ታተመ። በዚህ ጨዋታ ጠላት የሚመጣው ከራሱ ከካርታው ክምር ነው፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ።

ሕጉ ባጭሩ ይህ ነው። ተጫዋቹ እስከ ሦስት ጀግኖች ይመርጣል፤ ቢያንስ ሃምሳ ካርታ ያደራጃል፤ አንዱን ካርታ ከሦስት ቅጂ በላይ ማስገባት አይችልም። እያንዳንዱ ጀግና በየዙሩ አንድ ስንቅ ያስገኛል፤ ካርታ የሚገዛው በዚያ ስንቅ ነው። የጀግኖቹ የሥጋት ቁጥር ተደምሮ መነሻ ይሆንና በየዙሩ በአንድ ያድጋል። ሃምሳ የደረሰ ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል።

ለጀማሪ አራጎርንን፣ ቴዎድሬድንና ኤዮዊንን እመርጣለሁ። የሥጋት ቁጥራቸው 12፣ 8 እና 9 ነው፤ ድምሩ 29 ስለሚሆን፣ ሌላ መከራ ካልጨመረበት በቀር፣ ሃያ ዙር ያህል ፋታ ይሰጣል። ሁለቱ ከአመራር ዘርፍ፣ አንዷ ከመንፈስ ዘርፍ ናቸው። ሦስት ዘርፍ ቢቀላቀል የአንዱ ስንቅ ለሌላው ዘርፍ ካርታ ስለማይከፍል፣ ጀማሪው እጁ ሞልቶ ሳለ ምንም መግዛት ያቅተዋል። ስለዚህ አብዛኛው ካርታ አንድ ወይም ሁለት ስንቅ የሚያስከፍል ይሁን። አምስት የሚያስከፍለው ጋንዳልፍ ግን የየትኛውም ዘርፍ ስላልሆነ የሦስቱም ጀግኖች ስንቅ ይከፍለዋል፤ የአንድ ዙር ቁጠባ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ምክር ዓይነት ማሳነስ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ስድስት ካርታ ይታደላል። ከሃምሳው ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ካርታ ከስድስቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ 12 በመቶ ነው፤ ሦስት ቅጂ ካለው 32 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓይነት ካርታ የያዘ ጀማሪ በሁለተኛው ጨዋታ ፊታቸውን ለይቶ ያውቃቸዋል። ሃምሳ ዓይነት የያዘ ግን ሲያነብ ይመሻል።

እነዚህን ጀግኖች የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቴዎድሬድ ወደ ተልእኮ ሲወጣ አብሮት ለወጣ ጀግና፣ የጓደኛውም ቢሆን፣ አንድ ስንቅ ይጨምርለታል። ኤዮዊንን ለማበርታት ማንኛውም ተጫዋች ከእጁ አንድ ካርታ መጣል ይችላል። ጀማሪው ገና ከመጀመሪያው ዙር ሰጪም ተቀባይም ይሆናል ማለት ነው።

በእኛ ሐረርጌ ገበሬው ጉዛ ይለዋል፤ ሌላው አገር ደቦ። ጉዛ የሚወጣ ጎረምሳ ከአባወራው እኩል ቆፍሮ አያውቅም፤ ሆኖም መቆፈሪያ ይሰጠዋል እንጂ ዳር ቁጭ ብለህ እይ አይባልም። በአብሮ መጫወት ላይ የሚያንዣብበው አደጋም ይኸው ነው፤ ነባሩ «ይኼን ጣል፣ ያንን ያዝ» እያለ ሲያዝ፣ አዲሱ ሰው የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይቀራል። የጨዋታው ሕግ ምክክርን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በእጅ የያዙትን ካርታ ስም መጥራትና ማንበብ ይከለክላል። ይህች ትንሽ ክልከላ የጀማሪውን ውሳኔ ለራሱ ትተውለታለች።

እንግዲህ ለአዲስ ሰው ካርታ የምታሰናዱ ሁሉ፣ ብልሃታችሁን የምታሳዩበትን ስብስብ ለራሳችሁ አቆዩት። ለእሱ ጥቂት ዓይነት፣ ርካሽ ዋጋና የሚረዳዱ ጀግኖች ስጡት፤ ከዚያም ተራው ሲደርስ ዝም በሉ። ቢሸነፍ የምትሸነፉት አብራችሁ ነው።

ቸር ይግጠመን።